ወደ ገሳይ የተጓዘው ሦስት እግር

ከጎንደር መነሻ

ጎንደር ላይ ፎቶግራፍ አንስቼ የማድር ሰው ነኝ። ጣልያን ከተማችንን ከያዘ ወዲህ ብዙ ቦታ አልሄድኩም። ይለፍ ወረቀት ማውጣቱ ያሰለቻል፤ መንገዱም አያስተማምንም። ባለፈው ኅዳር ግን ጾመ ነቢያት እንደገባ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ወርቁ በማለዳ በሬን አንኳኳ።

ወርቁ ታስሮ የተፈታ ሰው ነው። የተፈታውም ከከተማው ክልል እንዳይወጣ ተብሎ ነው። በየሰኞው ጣቢያ ሄዶ ይታያል፤ አንዲት ሰኞ ከጎደለ ተመልሶ ይገባል፤ ሁለተኛ ከገባ ደግሞ መውጣቱን እንጃ።

«እናቴ ከደብረ ታቦር ወዲያ ገሳይ ናት፤ መንኩሳለች» አለኝ። «አንዱ መንገደኛ ታማለች ይለኛል፣ ሌላው ደህና ናት ይለኛል። የማንን ልመን? አንተ ሂድና ፊቷን አምጣልኝ።»

እምቢ ማለት አልቻልኩም። ካሜራዬን፣ በጥጥ የጠቀለልኳቸውን ሁለት የመስታወት ሰሌዳዎች እና በሙያችን ሦስት እግር የምንለውን ማቆሚያ ይዤ ተነሳሁ። ሰሌዳ በዚህ ዘመን እንደ ልብ አይገኝም፤ የቀሩኝ እነዚያው ሁለቱ ነበሩ። ሦስት እግሩ ከጽድ ተጠርቦ በናስ የተጠፈረ ነው፤ ክብደቱ አንድ ሙክት ያህላል። አሥር ዓመት አገልግሎኛል፤ አሥር ዓመትም ትከሻዬን ልጦኛል።

በካሚዮን እስከ ደብረ ታቦር

እህል የጫነ ካሚዮን ጆንያ ላይ ተቀምጬ ወጣሁ። ሾፌሩ አሥር ሊሬ ተቀበለኝ። እስከ አዲስ ዘመን አቧራ በላን፤ ወረታ ላይ ለጎማ ቆምን። አብረውኝ የተጫኑት አንዲት ሴትዮ ስማቸውን እንኳ ሳይነግሩኝ የሽንብራ ቆሎ በእፍኝ አቀበሉኝ። ከወረታ ወዲያ መንገዱ ዳገት ነው። አየሩ እየቀዘቀዘ፣ የጤፉ ማሳ ለገብስ እየለቀቀ ሄደ።

ደብረ ታቦር መግቢያ ኬላው ላይ አስወረዱን። አንድ ወታደር የሦስት እግሩን መጠቅለያ ሸራ ገልጦ ናሱን ሲያይ ወደ ኋላ ዘለለ።

«የመትረየስ እግር!» ብሎ ጮኸ።

ሁለት ጠመንጃ ደረቴ ላይ ተደገነ። እጄን ሰቅዬ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ደገምኩ። በመጨረሻ አንድ ሹም መጣና ካሜራውን ገለባበጠ፣ ወረቀቴን አነበበ፣ ሳቀም። ግን ያቺን ናስ እያየ ራሱን ነቀነቀ። «ካሜራው ይግባ፤ እግሩ እዚህ ይቀራል» አለ። የራሴ እግሮች አብረው ስላልቀሩ ተመስገን ብዬ ገባሁ። ካሜራው የሚታሰርባት ጠፍጣፋ ራስና ብሎኗ ለብቻቸው ቦርሳዬ ውስጥ ስለነበሩ አልተነኩም።

ያደርኩባቸው ሴትዮ ሱፍ ፍትፍት አቅርበውልኝ ሳለ «በእጅህ ይዘህ አታነሳም?» ብለው ጠየቁኝ። የእኔ ካሜራ ዓይኑን ገልጦ ጥቂት ትንፋሽ ያህል መቆየት አለበት፤ በዚያ መሃል እጅ ከተንቀጠቀጠ የሰው ፊት ጭጋግ ይሆናል አልኳቸው። «እንግዲያው ነገ ቅዳሜ ነው፤ ገበያ አይታጣበትም» አሉ።

እግር ፍለጋ

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ አንድ ዐረብ ነጋዴ ሱቅ ነው። ከጣልያኖች እጅ የገዛውን የብረት ሦስት እግር አወጣልኝ። እንደ ጃንጥላ ታጥፎ ክንድ ተስንዝር ይሆናል፤ ቢሸከሙት አይሰማም። ልቤ ደነገጠለት። ዘርግቼ መዳፌን አናቱ ላይ ሳሳርፍ ግን እንደ ቀጭን ሸምበቆ ተወዛወዘ። ብሎኑም ለእኔ ካሜራ ጠባብ ነው። የጠየቀኝ ዋጋ የአንድ ወር እንጀራዬ ነበር፤ ከሁሉ በላይ ግን ያ የሚያብረቀርቅ ብረት ሌላ ኬላ ላይ ምን እንደሚያሰኘኝ አሰብኩና መለስኩለት።

ቀጥዬ አናጢ ዘንድ ሄድኩ። እንደ ድሮዬ ያለ ወፍራም የጽድ እግር ሊሠራልኝ ተስማማ። «ይህን የልጅ ልጅህ ይወርሰዋል» አለኝ።

«የልጅ ልጄ ይሸከመው፤ እኔ ነገ በእግሬ ጉና ተራራ ሥር ነው የምሄደው።»

አናጢው ሥራ እያመለጠው መሆኑን እያወቀ ሳቀ። «ቀላልና ጠንካራ ከፈለግህ እኔ ጋ አታገኝም። ከኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በታች መሪጌታ ይትባረክን ጠይቅ። የታቦት ጃንጥላ የሚጠግኑት እሳቸው ናቸው።»

መሪጌታን የጃንጥላ ሽቦ ጭናቸው ላይ በትነው አገኘኋቸው። ነገሬን ከእግር እስከ ራሱ ሰሙኝ፤ ከዚያ ሁለት ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ስንት ቀን ትሸከመዋለህ?»

«ደርሶ መልስ ሁለት ቀን፣ አባቴ።»

«ለስንት ጊዜ ይቆምልሃል?»

«አንድ የዳዊት መዝሙር ለማይሞላ ጊዜ።»

«እንግዲያው መጀመሪያ ለትከሻህ እንምረጥ፤ ለነፋሱ ኋላ ይታሰብበታል» አሉና ከጓዳቸው ሦስት የደረቀ የቀርከሃ ዘንግ አወጡ። ሦስቱን ዘንግ መሃል ለመሃል ቆረጧቸው፤ ከጣልያን የቲማቲም ቆርቆሮ ቀለበት ጠቅልለው አንዱ በሌላው ላይ እንዲጋጠም አደረጉት። ጫፋቸውን በምስማር አሾሉት፤ አናታቸውን በጠፍር ከጠፍጣፋዋ ራስ ጋር አሰሩት። መሬቱ ወጣ ገባ ስለሆነ አራተኛ እግር ይጨመርለት ይሆን ብዬ ብጠይቅ «አራት እግር ነው የሚያነክሰው። ሦስት እግር የትም ቢያቆሙት ሦስቱም መሬት ይነካሉ» አሉኝ።

ለማታ ጸሎት ሲነሱ ሥራው አልቋል። ሲታጠፍ ከክንድ ብዙም አይረዝም፤ በሁለት ጣት ይነሳል። ዋጋውን ብጠይቃቸው «ለእናት ፊት የሚሄድ ነገር ነው፤ የምስማሩን ብቻ ስጠኝ» አሉ። ተጎንብሼ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

ወደ ገሳይ

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አያ ደሴ ከሚባሉ ባለ በቅሎ ጋር ተነሳን። በመውጫው ኬላ ወታደሩ ስልቻዬን ዳበሰና ቆራጣ ቀርከሃ ሲያገኝ «እለፍ» አለ። ካሜራውን በቅሎዋ፣ ሦስት እግሩን እኔ ያዝን፤ መያዜንም ረሳሁት። በስተቀኛችን ጉና ደመና ተከናንቧል። ገበሬው ገብሱን አጭዶ ከምሯል፤ ነፋሱ ጋቢ ከትከሻ ይገፍፋል። ምሳችን በሶ ነበር፤ አያ ደሴ በምንጭ ውኃ በጠበጡልኝ።

የወርቁ እናት የእማሆይ ጎጆ ከገሳይ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ጥሩነሽ አስገቡን። እማሆይ መደብ ላይ ተኝተዋል፤ ቢጫ ቀሚሳቸው ውስጥ ሰውነታቸው የለም ማለት ይቻላል። ለወሬኞቹ ሁሉ መልሱን አገኘሁ፤ ታመዋል።

ከማን እንደተላክሁ ስነግራቸው እጄን ይዘው አለቀሱ። ካሜራውን ሳወጣ ግን እጄን ለቀቁት።

«አይሆንም ልጄ። እንዲህ ሆኜ ካየኝ ያድራል ብለህ ነው? ኬላውን ጥሶ ይመጣል። መንገድ ላይ ይገድሉታል።»

ያሉት እውነት ነው። ካሜራውን ልመልስ ስል እማሆይ እጄን መልሰው ያዙት።

«ቆሜ ይሆናል?» አሉ። «ከደጅ፣ ከክምሩ አጠገብ፣ ብርሃን ላይ። በእግሬ ቆሜ ይየኝ።»

ወይዘሮ ጥሩነሽና አያ ደሴ ደግፈው አወጧቸው። መቋሚያቸውን ይዘው ብቻቸውን ቆሙ። ቀርከሃውን ገጣጥሜ ካሜራውን አሰርኩ። ዓይኑን እንደገለጥኩ ከጉና በኩል ነፋስ መጣ፤ ሦስት እግሩ ራደ። ሰሌዳው መበላሸቱን አወቅሁ። እማሆይም ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

አንድ ሰሌዳ ቀረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያን የጽድ እግሬን ተመኘሁት። የሦስት እግሩን መራድ ያዩት ወይዘሮ ጥሩነሽ ወደ ገብሱ ክምር ጠቆሙኝ። በላዩ የተወረወረው ገመድ ጫፍ ጫፉ ላይ ድንጋይ ተንጠልጥሎበታል።

«ክምሩም እኮ ቀላል ነው፤ ነፋስ ያልወሰደው በድንጋዩ ነው። ድንጋይ ከጎንደር ድረስ ማን ይሸከማል? አገሩ ሙሉ ድንጋይ!» አሉና መቀነታቸውን ፈቱ። ትልቅ ድንጋይ ጠፍረው ከሦስቱ እግሮች መሃል አንጠለጠሉልኝ። መዳፌን አናቱ ላይ ባሳርፍ ንቅንቅ አላለም።

«እማሆይ፣ አንዴ ቢቆሙልኝ» አልኩ። «አሥር እስክቆጥር አይንቀሳቀሱ።»

«እኔ ቁጥር አላውቅም። በሰላመ ገብርኤልን በልቤ እላለሁ፤ ከንፈሬ አይነቃነቅም።»

ቆሙ። አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ነፋሱ መጣ፣ ነጠላቸውን ነካ፣ ካሜራውን ግን አልነካውም። እኔም ትንፋሼን ይዤ አብሬያቸው ጸለይኩ። ዓይኑን ስዘጋ እማሆይ ወደ አያ ደሴ ክንድ ወደቁ።

ማታ መደባቸው ላይ ሆነው «ቆማ ነው ያየኋት በለው» አሉኝ። «ውሸት አይደለም።»

ጎንደር

በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ። በጨለማ ክፍሌ ሰሌዳውን ሳጥብ መጀመሪያ መቋሚያው፣ ቀጥሎ ክምሩ፣ ከዚያ ፊታቸው ወጣ። የዓይናቸው ሽፋሽፍት ሳይቀር ጥርት ብሏል።

ወርቁ ፎቶውን በሁለት እጁ ተቀበለ።

«ደህና ናት?»

«ቆማ ነው ያየኋት» አልኩ፤ ዓይኑን ማየት ግን አልቻልኩም።

ብዙ ቆየበት። «ቆማለች፤ ተመስገን» ብሎ ወጣ። እስከ ሰኞ ድረስ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሰኞ ጠዋት ግን ከጣቢያው ደጅ ቆሞ አየሁት።

ይህ ጉዞ ስለ ሥራዬ ብዙ አስተማረኝ። የካሜራ እግር ስመርጥ ጥንካሬውን ብቻ አይቼ አሥር ዓመት ክብደት ስሸከም ኖሬያለሁ፤ ለካ ክብደቱ ከደረስኩበት ይገኛል። ቆሎ ላቀመሱኝ ሴትዮ፣ ሥራ እያመለጠው ሳይሰስት መንገድ ላሳየኝ አናጢ፣ ለመሪጌታ፣ ለአያ ደሴ፣ መቀነታቸውን ለፈቱልኝ ወይዘሮ ጥሩነሽ ምስጋናዬን በምን እንደምከፍል አላውቅም። ስለዚህ ጻፍኩት።

አያ ደሴ እህል ይዘው ጎንደር በመጡ ጊዜ ወርቁ አዲስ ቢጫ ቀሚስ አጣጥፎ ወደ ቤቴ መጣ። ለእናቱ እንዲያደርሱለት ነው። ሳየው ከወገቡ ጠባብ ነው፤ ለሕፃን የተሰፋ ይመስላል።

«ልኬቷን ማን ነገረህ?» አልኩት።

«ፎቶው ነዋ። የለበሰችው ከትከሻዋ ወርዷል፤ እጥፋቱን ቆጠርኩት። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ እኮ።» ቀሚሱን ለአያ ደሴ ሰጠ። «እንዳልመጣ ብላ ነው የቆመችው። እኔም አልመጣሁም፤ ልብሷ ግን ይድረሳት።»