በሀያት ላይ የጣልኩት ጥፋት

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ ነው። ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው፤ እኔ ግን ዛሬም ትዝ ሲለኝ፣ ብቻዬን ብሆን እንኳ፣ ፊቴን በእጄ እሸፍናለሁ። ለባለቤቴ ግማሹን ነግሬያታለሁ። ሙሉውን ስጽፈው ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ሐይቅ ከተማ ውስጥ አነስተኛ የኮምፒውተር ቤት አለኝ። ኮምፒውተር እጠግናለሁ፣ ሰው አስተምራለሁ፣ ለሚያዘኝም ፕሮግራም እጽፋለሁ። ከስምንት ዓመት በፊት ውጫሌ ላለ አንድ የግል ክሊኒክ የሕሙማን ቀጠሮ የሚመዘግብ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ቀጥ ብሎ አያውቅም። እኔም እሱን እያነሳሁ መኩራት ነበር ሥራዬ። ሰርግ ቤት ተቀምጬ እንኳ ሳላነሳው አልወጣም።

ሀያት የምትባል ልጅ ሱቄ ልትሠራ የመጣችው ከዓረብ አገር በተመለሰች በዓመቷ ነው። አራት ዓመት ሰው ቤት ሠርታለች። ኮድ መጻፍ የጀመረችው እዚያው በዕረፍቷ ቀን ከስልኳ ላይ እየተማረች ነው፤ የጎደላትን እኔ አስተማርኳት። ፈጣን ናት፣ ዝምተኛም ናት። ክሊኒኩ የራሱን የኮምፒውተር ባለሙያ ሊቀጥር ሲያስብ ስሟን ያቀረብኩት እኔው ነኝ። የድሮ አሠሪዎቿ ቪዛ እንላክልሽ እያሏት እንደሆነና ይህን ሥራ ካላገኘች መሄዷ እንደማይቀር ነግራኛለች። «ጋሼ፣ ወላሂ ያን ኑሮ ሁለተኛ የምችለው አይመስለኝም» ነበር ያለችኝ።

በዚህ መሀል ክሊኒኩ አዲስ ኮምፒውተር ገዛ። ፕሮግራሜ በአዲሱ ላይ እንዲሠራ በአዲስ ኮምፓይለር እንደገና መዘጋጀት ነበረበት። ኮምፓይለር ማለት እኛ የጻፍነውን ኮድ ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ የሚለውጥ ነገር ነው። ሥራውን ለሀያት ሰጠኋት፤ በአንድ ቀን ጨርሳ ሄዳ ጫነችላቸው።

በሦስተኛው ቀን የክሊኒኩ ኃላፊ ሲስተር አለምነሽ ደወለችልኝ። ፕሮግራሙ ቀጠሮ ሲመዘገብበት ድንገት ይዘጋል። ላንዱ ሰው ይሠራል፣ ለሌላው ድርግም ይላል። ሀያትን ይዤ በሚኒባስ ውጫሌ ሄድኩ። ስንደርስ ከአምባሰል ደጋ በእግራቸው የወረዱ ሰዎች አግዳሚው ላይ ተደርድረው ቀጠሮ ይጠብቃሉ።

መጀመሪያ አሮጌውን ኮምፒውተር አስከፈትኩ። በድሮው ኮምፓይለር የተዘጋጀው ፕሮግራም እዚያው አለ፤ አዲሱ እምቢ ያላቸውን ሰዎች በሙሉ አንድ በአንድ መዘገበልኝ። በቃ፣ ፍርዴን ሰጠሁ። ኮዱ ያው ነው፤ አዲስ ነገር ቢኖር ሀያት የነካችው ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ምናልባት ኮዱን አንዴ ብናየው…» ብላ ጀመረች።

ደሜ ፈላ። ስምንት ዓመት የሠራ ኮድ በእሷ ሊመረመር ነው? «ዝም በይ! አላውቅም ማለት ነውር ነው? ይሄ እኮ ዓረብ አገር ቤት መጥረግ አይደለም» አልኳት።

ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው። አግዳሚው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አያት። አንድ አዛውንት «ኧረ ተው ወንድሜ፣ በሰው ፊት እንዲህ አይባልም» አሉኝ። ሀያት ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ቦርሳዋን አነሳችና ወጣች። ወጥቼ ስፈልጋት በሌላ መኪና ሄዳለች።

ሲስተር አለምነሽ ወደ ክፍሏ አስገባችኝ። «እንግዲህ እኔ ይህቺን ልጅ ላስቀጥራት ነበር፤ አንተ ምን ትላለህ?» አለችኝ። «እኔ ለእሷ አልመሰክርም» ብያት ወጣሁ።

አዲሱ ኮምፒውተር የግድ መሥራት ስላለበት ምዝገባውን ቀድቼ ሐይቅ ይዤው ተመለስኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ሀያት የነካችውን ሁሉ አገላበጥኩ። የራሴን ኮድ አንዴም አልከፈትኩትም፤ የእኔ ምን ይመረመራል?

በሦስተኛው ቀን ሌላ መላ ሲጠፋኝ ፕሮግራሙ የተዘጋባቸውን ሰዎች ስም በወረቀት ላይ ጻፍኩ። የመጀመሪያዋ ከግሸን በኩል የመጣች ነፍሰ ጡር ናት፤ ቀጠሮዋ ጳጉሜን ሁለት። ቀጥሎ ያለው ሰውዬ ጳጉሜን አራት። ሦስተኛውም ጳጉሜን ነው። ከራሴ አንድ ስም ፈጥሬ መስከረም ላይ ቀጠርኩት፤ መዘገበው። ያንኑ ስም ጳጉሜን ላይ ቀጠርኩት፤ ድርግም አለ።

ያኔ ኮዴን ከፈትኩት። ስጽፈው የቀን መቁጠሪያውን ክፍል ከፈረንጆች ሥራ ወስጄ የወሮቹን ስም ብቻ ነበር የለወጥኩት። ጳጉሜንን ከስሞቹ ጋር ጨምሬያታለሁ። በየወሩ ስንት ቀጠሮ እንዳለ የሚቆጠርበትን ቦታ ግን እንደነበረው ለአሥራ ሁለት ወር ትቼዋለሁ። የአገሬው ሕፃን እንኳ የሚያውቃትን አሥራ ሦስተኛ ወር ረስቼ፣ ቁጥሯ በየዓመቱ ከተመደበው ቦታ ውጪ ሲጻፍ ኖሯል። የድሮው ኮምፓይለር በአጋጣሚ ያን ቦታ ባዶ ይተወው ስለነበር የተጎዳ ነገር የለም። አዲሱ ግን እዚያ ላይ የሕሙማኑ ዝርዝር የሚገኝበትን አድራሻ አስቀምጧል። የጳጉሜን ቀጠሮ በተያዘ ቁጥር አድራሻው ይደመሰሳል፣ ፕሮግራሙም ይሞታል። ሀያት ያጠፋችው ምንም ነገር የለም።

ከዚህ የባሰውም ስልኬ ውስጥ ነበር። ፕሮግራሙን ባዘጋጀችበት ቀን ቴሌግራም ላይ እንዲህ ብላ ጽፋልኛለች፦ «ጋሼ፣ አዲሱ ኮምፓይለር የወሮቹ ቆጠራ ያለበት መስመር ላይ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ኮዱ የእርስዎ ስለሆነ ሳላስፈቅድ አልነካሁትም፤ እባክዎ ቢያዩት።» እኔ በቅጡ እንኳ ሳላነበው የአውራ ጣት ምልክት መልሼላታለሁ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ማስተካከሉ አሥራ ሁለትን አጥፍቶ አሥራ ሦስት መጻፍ ብቻ ነበር። ሄጄ ጫንኩላቸው። ሲስተር አለምነሽ «እጅህ ይባረክ፤ ያላንተ ምን ይውጠን ነበር» አለችኝ። መናገሪያው ሰዓት ያ ነበር። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ነገ ሲደርስ በዓሉ ይለፍ አልኩ። የፈራሁት እኮ ሌላ ምንም አይደለም፤ «ያ ሰውዬ ጳጉሜንን ረሳ» መባልን ነው።

ከእንቁጣጣሽ በኋላ በሳምንቱ ወኔዬን ሰብስቤ ሄድኩና፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው እየሰማ፣ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ለሲስተር ነገርኳት። «ምነው ቀደም ብለህ ብትነግረኝ። ከደሴ አንድ ልጅ ቀጥረናል፤ ትናንት ፈረመ» አለችኝ።

ከዚያው በቀጥታ ሐይቁ ዳር ወዳለው ወደ ሀያት ቤት ሄድኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራ አልመጣችም፤ እኔም አልደወልኩላትም ነበር። በሩ ላይ ወጥታ ተቀበለችኝ። ሁሉንም ነገርኳትና «አፉ በይኝ» አልኳት።

«አፉ ብያለሁ ጋሼ» አለች፣ ቀስ ብላ።

«ያን ዕለት መልእክቱ በእጅሽ ነበር። አውጥተሽ ብታሳዪኝ ምን ነበረበት?» አልኳት። ይህን ስጠይቃት እንኳ ጥፋቱን ላካፍላት እየሞከርኩ እንደነበር አሁን ይገባኛል።

«በዚያ ሁሉ ሰው ፊት? ባስተማረኝ ሰው ላይ እንደዚያ አላደርግም። ለብቻችን ስንሆን ልነግርዎት ነበር፤ እርስዎ ግን አልጠሩኝም።»

ወደ ሱቄ እንድትመለስ ለመንኳት። አመስግናኝ፣ ለቪዛው እሺ ብላ መላኳን ነገረችኝ። ጥቅምት ላይ ሄደች።

በቅርቡ እናቷን እትዬ ዘሀራን ገበያ ላይ አገኘኋቸው። በመካከላችን ስለተፈጠረው ነገር ልጃቸው ትንፍሽ አላለችም ኖሯል። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «ልጄን ሙያ ያስያዝካት አንተ ነህ፤ አላህ ልጆችህን ያሳድግልህ፣ አላህ ክፉ አያሳይህ» እያሉ መረቁኝ። ሀያት እንዴት ናት ስላቸው «ደኅና ናት፤ የሰው ቤት ሥራ ነው እንጂ፣ ወገቧን ያማታል» አሉኝ።

አሜን ብዬ ተሰናበትኳቸው። ሌላ ጊዜ ሳገኛቸው እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቴ አግኝቻቸዋለሁ፣ ሁለቴም መርቀውኛል። ልጃቸውን ወደዚያ ቤት የመለስኳት እኔ ነኝ።