ለንጉሡ ዛፍ ላይ የቆየው ቡና

ይህ የደረሰው ካቻምና ታኅሣሥ ላይ ነው፤ ከባሕር ማዶ አንድ ንጉሥ ከነባለቤቱ ጅማን ሊጎበኝ የመጣ ጊዜ። የአገራቸውን ስም አልጠራም፣ ለነገሬ አይጠቅምም። የከተማው ሰው ያንን ሰሞን የሚያስታውሰው መብራት ሳይጠፋ በመሰንበቱ ነው። እኔ የማስታውሰው በአጎቴ ነው። ዛሬም ቀይ የቡና ፍሬ ዛፍ ላይ ሳይ አንጀቴ ያርራል።

ሰሚራ እባላለሁ። ጅማ ሄርማታ ሰፈር፣ ከመስጊዱ ጀርባ ልብስ እሰፋለሁ። ሱቄ ጠባብ ስለሆነች ወሬ ገብታ መውጫ አታገኝም፤ እኔም ብሆን አፌ አያርፍም። ስለዚህ የንጉሡን መምጣት ከሰሙት የመጀመሪያዎቹ መሃል ነበርኩ።

መጀመሪያ የመንገዱ ጉድጓድ ተደፈነ። ስንት ዓመት ጆሮ ዳባ ልበስ የተባልንበት ጉድጓድ ባንድ ሌሊት ጠፋ። ቀጥሎ አጥሩ ሁሉ ቀለም ተቀባ። ቀጥሎ ጉሊት ቸርቻሪዎቹ ከመንገዱ ዳር ተነሱ። እታለም ብርቄ ሽንኩርቷን ጠቅልላ ሱቄ ገባችና፣ «ንግሥቲቱ ሽንኩርት አይታ አታውቅም እንዴ? ምን ብላ ነው እኛ የምንደበቀው?» አለች። አንድ ባለባጃጅ ደንበኛዬ ደግሞ፣ «ተይ ዝም በይ፣ በየወሩ ቢመጡልን ምን አለ፣ ጎማ መቀየር እናቆም ነበር» አላት። ሱሪ ሊያሳጥሩ የመጡ አንድ ሽማግሌ ሁለቱንም ሰምተው ሳቁ። «ንጉሥ ለጅማ ብርቅ ነው እንዴ? እኛም ነበረን» አሉ።

ሰው በሁለት ተከፍሎ ነበር። ግማሹ ባንዲራ ገዝቶ ይጠብቃል፣ ግማሹ ይራገማል። ባንዲራ የገዛውም ሲራገም ሰምቻለሁ።

እኔ ከሚራገሙት ነበርኩ። አጎቴ ግን ከሚጠብቁት ነበሩ።

አጎቴ አባ ዚናብ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። እኔ «አቤራ» እላቸው ነበር፤ በኦሮምኛ የአባት ወንድም ማለት ነው። የሚኖሩት ከጅማ ወጣ ብሎ ሸቤ ነው። ቡናቸው ከዋናው መንገድ ዳር ይጀምርና ቁልቁል እስከ ወንዙ ይወርዳል።

ቡና አንድ ዓመት ይሰጣል፣ አንድ ዓመት ያርፋል። ያ ዓመት የመስጠት ዓመት ነበር። እንደዚያ ያለ ፍሬ አይቼ አላውቅም፤ ቅርንጫፉ መሬት ሊነካ ደርሶ ነበር። አቤራ ያንን ምርት የሚጠብቁት ለአንድ ነገር ነው። ሐጅ ሊያደርጉ። ስንት ዓመት ሲያጠራቅሙ ኖረው የቀራቸውን ያ ምርት ይሞላላቸው ነበር። ጉልበታቸው ደክሟል። «ሁለት ዓመት ደግሞ ብጠብቅ እግሬ ይጠብቀኛል?» ይሉኝ ነበር።

ሐጅ የሚሄድ ወንድ የሚለብሰው ነጭ ጨርቅ አለ፣ ኢሕራም። እሱን እኔ ገዛሁላቸው። ስፌት አይነካውም፣ እንዲሁ ይታጠፋል እንጂ። ዕድሜዬን ሙሉ ስሰፋ ኖሬ ለአቤራ የሰጠሁት ትልቁ ስጦታ መርፌ ያልነካው ጨርቅ ነው። ተቀብለው ሳሙትና ሳጥናቸው ውስጥ አስቀመጡት።

ለቀማው ሊጀመር አቤራ ከለቃሚዎች ጋር ተነጋግረው ሳለ ከአቀባበል ኮሚቴ ነኝ ያለ ሰውዬ በመኪና መጣ። ቡናውን አየ፣ ፎቶ አነሳ፣ ተደሰተ። ንጉሡና ንግሥቲቱ በዚህ መንገድ እንደሚያልፉ፣ እዚህ ወርደው በገዛ እጃቸው ቀይ ፍሬ እንደሚለቅሙ ነገራቸው። «የመንገዱ ዳር እንዳይለቀም፣ ቀይ እንደሆነ ይቆይ» ብሎ ሄደ።

እሱ የመንገዱ ዳር ነው ያለው። አቤራ ግን ማሳውን ሙሉ አቆሙት።

ስሰማ ሱቄን ዘግቼ ሸቤ ሄድኩ። «አቤራ፣ ምን ሆነው ነው? የዳሩን ይተዉላቸው፣ የውስጡን ያስለቅሙ» አልኳቸው።

«ያ ሰሚራ» አሉኝ ረጋ ብለው፣ «እንግዳ ቤት ሲገባ ጓዳ ባዶ ሆኖ ሳሎን ብቻ ምንጣፍ ይነጠፋል? ወደ ውስጥ ገባ ብለው ቢያዩስ? ቅርንጫፉ ተመልጦ ያዩታል።»

«ንጉሥ ጭቃ ውስጥ አይገባም አቤራ።»

«ከመጣ ይገባል። ኬሱማ ነው።» ኬሱማ እንግዳ ማለት ነው። አቤራ ይህንን ቃል ካወጡ ክርክር የለም። እሳቸው ቤት እንግዳ ሳይበላ ማንም አይበላም፤ እኛ ልጆች ሆነን ስንት ቀን እያዛጋን እንግዳ ጠብቀናል። ለቃሚዎቹንም ትንሽ ቆዩ ብለው አሰናበቷቸው። ለቃሚ በዚያ ወቅት ወርቅ ነው፣ ሌላው ባለማሳ ወዲያው ወሰዳቸው።

ሐሙስ ይመጣሉ ተባለ። ሐሙስ መጥቶ ሄደ። ከዚያ በሚቀጥለው ሳምንት ነው ተባለ። ቀዩ ፍሬ መጥቆር ጀመረ፣ ጦጣዎች ወረዱበት። አቤራ ቀኑን ሙሉ ጦጣ ሲያባርሩ ይውሉ ጀመር። በስልክ ሳገኛቸው ድምፃቸው ተዘግቷል። «ለንጉሥ ዘበኛ ሆኜልሻለሁ» ብለው ሳቁ።

በዚያው ሳምንት አንዷ ደንበኛዬ ስልኳን እያየች፣ «የገዛ አገራቸው ሰውም እኮ እየሰደባቸው ነው» አለችኝ። በእኛ ግብር መንሸራሸር ነው እያሉ ነው አሉ። ለአቤራ ነገርኳቸው፣ ምናልባት ተስፋ ቢቆርጡ ብዬ። ሰሙኝና፣ «እንግዲያው የበለጠ ልንቀበላቸው ነዋ። በገዛ ቤታቸው የከፋቸው ሰዎች ናቸው» አሉ። ስልኩን ዘጋሁት።

በመጨረሻ ቀኑ ቁርጥ ሆነ። እኔም ሄድኩ፣ አቤራን ብቻቸውን ልተዋቸው አልቻልኩም። መንገዱ ግራና ቀኝ በሰው ተሞልቷል። ተማሪዎች ባንዲራ ይዘው ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ቆመዋል። የሚራገሙትም አልቀሩም፣ እንዲያውም ፊት ለፊት የቆሙት እነሱ ናቸው።

አቤራ እኔ የሰፋሁላቸውን ነጭ ጀለቢያ ለብሰው ከመጀመሪያው የቡና ዛፍ ሥር ቆመዋል። አዲስ ቅርጫት ይዘዋል፣ ውስጡን የሙዝ ቅጠል አንጥፈውበታል። ንግሥቲቱ የምትለቅመውን የምታስገባበት ነው። «እጇ እንዳይቆሽሽ» አሉኝ።

መኪኖቹ መጡ። ፖሊስ፣ ከዚያ ጥቁር መኪና፣ ከዚያ ሌላ ጥቁር መኪና። ሰው ጮኸ፣ አጨበጨበ። መኪናዋ እኛ ጋ ስትደርስ ቀዝቀዝ አለች። አቤራ ቅርጫቱን አነሱ። በመስታወቱ ውስጥ አንድ እጅ ሲወዛወዝ አየሁ፣ ፊት አላየሁም። ከዚያ መኪናዋ ፍጥነት ጨመረች። አለፈች። ሌሎቹም አለፉ። አቧራው ተነስቶ ቀዩ ፍሬ ላይ አረፈ።

ሰው ወዲያው ወሬ ጀመረ። አንዲት ሴት፣ «ለእኔ ነው እጇን ያወዛወዘችው፣ ዓይን ለዓይን ተያይተናል» አለች። አጠገቧ ያለችው፣ «ውሸትሽን ነው፣ ለእኔ ነው» አለቻት፣ ሊጣሉ ምንም አልቀራቸውም። ጠዋት ሲራገም የነበረው ባለሱቅ ስልኩ ላይ የቀዳውን እያሳየ ይዞራል። እኔ አቤራን ነበር የማየው።

«ከፊት ወዳለው ቡና ማጠቢያ ነው የሄዱት» አሉ። «ሲመለሱ ይወርዳሉ። መመለሻቸው በዚሁ ነው፣ ሌላ መንገድ የለም።»

እውነታቸውን ነው፣ ሌላ መንገድ የለም። ሰው ሁሉ ተበታተነ፣ እኛ ቆየን። የአስር ሶላት ሰግደው ተመለሱና እዚያው ቆሙ። ውሃ ሰጠኋቸው፣ አልጠጡም። ፀሐይ ዘንበል ስትል ከማጠቢያው በኩል ድምፅ ሰማን። ሄሊኮፕተር ነበር። ከኮረብታው በላይ ተነሳ፣ ከእኛ በላይ አልፎ ወደ ጅማ ዞረ። ከታች የቀሩት ልጆች እየጮኹ ተከትለውት ሮጡ።

አቤራ ቀና ብለው አዩት። ከዚያ እጃቸውን አንስተው ሰላምታ ሰጡት። እስኪጠፋ ድረስ እጃቸውን አላወረዱም። እኔ ያን ጊዜ ጩኺ ጩኺ አለኝ፣ ግን ማን ላይ ልጩህ?

ማታ ጎረቤት ቴሌቪዥን ልናይ ገባን። ንጉሡና ንግሥቲቱ ማጠቢያው ግቢ ውስጥ ካለች አንዲት ዛፍ ላይ ፍሬ ሲቀጥፉ አሳዩ። ሲስቁ ነበር፣ ደስ የሚሉ ሰዎች ይመስላሉ። ከዚያ ከመኪና ውስጥ የተቀረጸ መንገድ መጣ፣ ዳሩ በሙሉ ቀይ ቡና። ዓይን ሳይርገበገብ አለፈ። አቤራ ክርኔን ያዙኝ። «የእኛ ነው። አየሽ? አያምርም?» አሉኝ። ያምር ነበር፣ ምን ልበል።

በማግስቱ ያለ ወሩ ዝናብ ጣለ። ቀኑን ሙሉ ዘነበ፣ ተከታዩንም ቀን ዘነበ። ያለፈበት ፍሬ ዝናብ አይችልም፣ ሁሉም ረገፈ። ለቃሚ ብንል የለም። እኔና አቤራ ከጎረቤት ጋር ሆነን ከጭቃ ውስጥ እንለቅም ጀመር። የለቀምነው ማድረቂያው አልጋ ላይ ሳይደርቅ ሻገተ። ነጋዴው ጆንያውን ከፍቶ አሸተተና፣ «አባ ዚናብ፣ ይቅርታ» ብሎ ዘጋው። ሰውዬው ክፉ አይደለም። እኔም ሸትቶኛል።

ከአቀባበል ኮሚቴ ነኝ ያለውን ሰውዬ ፈለግኩት። ወላሂ አንድ ቀን አግኝቼ የምላሴን ስለት ላሳየው ብዬ ነበር። አንዱ ወደ አንዱ ላከኝ፣ አንዱም አያውቀውም። የእንግዶቹ ፕሮግራም በመጨረሻ ሰዓት ተለወጠ አሉኝ፤ ማን እንደለወጠው የሚነግረኝ አጣሁ። ንጉሡ አቤራን አያውቃቸውም። ንግሥቲቱ ቅርጫት እንደተዘጋጀላት አልሰማችም። የበደለ ሰው ባገኝ ይቀለኝ ነበር። ሁሉም ንጹሕ ነው፣ የጠፋው የአቤራ ምርት ብቻ ነው።

የሸቤ ሰው ግን መቀለዱን አልተወም። ሰው መቼም የሚስቅበት አያጣም። አቤራ ገበያ ሲወጡ፣ «አባ ዚናብ፣ ወዳጅዎ ንጉሡ መቼ ነው የሚመለሰው?» ይሏቸዋል። እሳቸው «ኢንሻአላህ» ብለው ያልፋሉ። እኔ ስለ ሐጁ ስጠይቃቸውም በዚያው ድምፅ «ኢንሻአላህ፣ ቡናው ደግሞ ሲሰጥ» ይሉኝ ነበር። ያቺን ቃል መስማት ስለፈራሁ መጠየቁን ተውኩት።

አምና ቡናው አረፈ። ዛፉ ላይ ይህ ነው የሚባል ፍሬ አልነበረም። ሐምሌ ላይ ጎረቤቶቻቸው ደውለው ቶሎ ነይ አሉኝ። ስደርስ አቤራ አይናገሩም ነበር፣ እጄን ግን አወቁት። በማግስቱ ረፋድ ላይ አረፉ። ቡናው ገደላቸው አልልም፣ አጀል፣ የሞት ቀጠሮ፣ የአላህ ነው። ሲያርፉ ግን የሐጁ ነገር ሆዳቸው ውስጥ እንደነበረ አውቃለሁ።

ለከፈን ጨርቅ ግዙ ሲባል፣ «አትግዙ፣ አለ» አልኩ። ሳጥናቸውን ከፈትኩ። ኢሕራሙ አጣጥፌ እንደሰጠኋቸው ነበር። ከፈንም ስፌት አይነካውም።

ዘንድሮ የመስጠቱ ዓመት ነው። ማሳው ለእኔ ቀረ። ቅርንጫፉ እንደ ካቻምናው ጎንበስ ብሏል፣ ያለፈ ያገደመው ቆሞ ፎቶ ያነሳዋል። ገና ግማሹ ሳይቀላ ለቃሚ ጠራሁ። አንዷ ለቃሚ ፍሬውን አገላብጣ አየችና፣ «ሰሚራ፣ ገና ነው እኮ፣ አረንጓዴ ይበዛዋል፤ አባ ዚናብ ቢያዩሽ ይቆጡ ነበር» አለችኝ።

ይቆጡ ነበር፣ አውቃለሁ። እሳቸው አረንጓዴ ፍሬ ከቀይ ጋር ቀላቅለው አያውቁም። ዋጋውም እንደሚወድቅ አውቃለሁ።

«ልቀሙት» አልኳት። «አረንጓዴውንም ልቀሙት። በመንገዱ ዳር አንዲት ፍሬ እንዳትቀር።»