ለእህቷ ያልጠበቀቻት ደቂቃ

ይህን የአንዲት ነርሳችንን ነገር መጀመሪያ የነገረኝ ልብስ ሰፊው ነው፣ የሟች እህቷ ባል። እኔ እዚህ ሆስፒታል በር ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ዘበኛ ሆኜ የማላውቀው ነገር የለም። ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ አረማመድ አይቼ የየትኛው ክፍል በሽተኛ እንደሆነ እነግርሃለሁ። ዋናው ዶክተር ራሱ መኪናው አልነሳ ሲለው «አባባ፣ እስቲ ይምጡ» ብሎ የሚጠራው እኔን ነው። ዳገት ላይ አታቁም ብዬ ስንቴ ነግሬዋለሁ፣ መች ይሰማና... እሺ፣ ወደ ነርሷ ልመለስ።

«እትዬ ደቂቃ» ነበር የምንላት። ሥራዋ የሴቶችን የማህፀን በር ማየት ነው፤ ኮልፖስኮፒ ይሉታል። መብራት ያለው ትልቅ ማጉያ መነጽር ነው፣ ውስጥ አይገባም፣ ከውጭ ሆኖ ነው የሚያየው። መጀመሪያ አቼቶ ትቀባለች። አዎ፣ ሰላጣ ላይ የሚደረገው አቼቶ፣ ለሕክምና ተበጥብጦ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየች አንድ ደቂቃ ሙሉ ትጠብቃለች። ጤነኛው እንደቀላ ይቀራል፣ የታመመው ይነጣል። ሳሳ ያለ ነጭ ከሆነ «ቀላል ነው፣ ተመልሰሽ ትታያለሽ» ትላለች። ወፍሮ ጠርዙ የለየለት ከሆነ ግን ቆንጠር አድርጋ ወስዳ ለምርመራ ትልካለች። ወረፋ ላይ ያሉት ሴቶች «እሷ ዘንድ ስትገቢ ምሳሽን ቋጥረሽ ግቢ» እያሉ ይስቁባታል። እሷ እቴ፣ ንቅንቅ አትልም።

አንድ ቀን ታናሽ እህቷ መጣች፣ የልብስ ሰፊው ሚስት። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ያሳደገቻት ነርሷ ናት። አልጋው ላይ ስትተኛ ፊቷን በክንዷ ሸፈነች።

«እታለም፣ በናትሽ ቶሎ ጨርሺልኝ!»

«ገና መቀባቴ እኮ ነው፣ ትንሽ ታገሺ።»

«ገላዬን አጥበሽ አሳድገሽኝ፣ ዛሬ እንዲህ ሆኜ ታይኛለሽ? መሬት ትዋጠኝ! ተነሳሁ!»

ነርሷ አንጀቷ አልችል አለ። ሰዓቱን ሳታይ ጎንበስ ብላ በመነጽሩ አየች። ቀይ ነው። «ንጹህ ነሽ፣ ተነሺ» አለቻት። ለማንም አድርጋው የማታውቀውን ለእህቷ አደረገችው።

በሦስተኛው ዓመት እህትየው ትደማ ጀመር። ሌላ ከተማ ወስደው ሲያሳዩዋት ካንሰር ነው፣ ፊኛዋም ጋ ደርሷል ተባለ። ይሄኔ ነርሷ ማንም ሳይጠይቃት አልጋው ሥር ተንበርክካ የዚያን ቀኑን ተናገረች። ልብስ ሰፊው እዚያው ቆሟል።

«ምነው ዝም ብትይኝ?» አለች እህትየው። «እስከ ዛሬ እግዜርን ነበር የማማርረው። አሁን ደግሞ አንቺን ልጥላ? ጉልበቱ የታለና።»

«ይቅር በይኝ።»

«እኔስ ብያለሁ። ልጆቼን ግን ራስሽ ጠይቂያቸው።»

ወር አልቆየችም። ከቀብር መልስ ነርሷ ትልቋን ልጅ ጠየቀቻት፤ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ልጅቷ አላለቀሰችም። «አክስቴ፣ አንቺ እኮ እናቴን ከሀፍረት አድነሻታል» አለቻትና ወደ ጓዳ ገባች።

ነርሷ በማግስቱ ቁልፉን ለኃላፊው አስረክባ ወጣች። «ዓይኔን አላምነውም» ነው ያለችው። ሌላ የሚያይ ሰው አልመጣም፣ መነጽሩም ጨርቅ ለብሶ ተቆልፎበታል። ሴቶች መጥተው በር ላይ ሲጠይቁኝ «ሌላ ከተማ ሂዱ» እላለሁ። መሳፈሪያ ያላት ትሄዳለች፤ የሌላት አመስግናኝ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።