ሳላነበው የቀረሁት የውጤት ወረቀት

ከሚሴ ላይ የታላቅ እህቴን፣ የእትዬን፣ ማህፀን በኦፕራሲዮን ያወጣው ሐኪም፣ መድኃኒት ውስጥ ነክሮ በፕላስቲክ ባልዲ ሰጠኝ። «ዛሬውኑ ደሴ አድርሺው፤ ካንሰር ይሁን አይሁን የሚታየው እዚያ ነው» አለኝ። እኛ አገር ናሙና ይዞ የሚሄደው ቤተሰብ ነው።

እማ ግን ባልዲውን ስታይ ጮኸች። «የለም፣ እምቢ! ወላሂ የልጄ ገላ በመኪና ተጭኖ አገር ላገር አይዞርም! ይቀበራል እንጂ!» እውነቷን ነው፤ የተቆረጠ እግር እንኳ እኛ ዘንድ ይቀበራል። አጎቴም እሷን ደገፈ። አስታራቂ ሆኜ መሃል የገባሁት እኔ ነኝ፤ አስተማሪዋ፣ የተማርኩት! «ለደም ምርመራስ ጠብታ አይደል የሚወስዱት? ትንሽ ቆርጠን እንላክ፣ ሌላውን ቅበሩት» አልኩ። አጎቴ ቢስሚላህ ብሎ ከአንዱ ጎን በምላጭ ቆረጠልኝ። ቁራጩን እኔ ደሴ አደረስኩ፤ የቀረውን በአቡጀዲ ጠቅልለው ጨፋ ወስደው ቀበሩት።

ከሳምንታት በኋላ ደሴ ሄጄ ውጤቱን ተቀበልኩ። የመጀመሪያው መስመር ካንሰር አልታየም ይላል። በሩ ላይ እንደቆምኩ ደወልኩ። እማ እልል አለች፤ እትዬ «አልሃምዱሊላህ» ብላ አለቀሰች። ነፃ ናት ከተባለ ደግሞ ሐኪም ጋ ምን ያመላልሰናል? ብለን ቀረን።

ዓመት ሳይሞላ እትዬን ደም ይፈሳት ጀመር። ያው ሐኪም ወረቀቱን አስመጣና አነበበው፤ ከዚያ ታች ያለውን ጽሑፍ በጣቱ አሳየኝ። «የደረሰን ትንሽ ቁራጭ ብቻ ነው። ስለቀረው ማህፀን ምንም ማለት አንችልም፤ ሙሉው ይላክልን» ይላል። አጃኢብ! ይህን ያህል ጊዜ ቤቴ፣ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጦ!

«ሙሉው የት አለ?» አለኝ። በሽታው ጉበቷ ደርሶ ነበር።

እትዬ ፊደል አልቆጠረችም። ልትሞት ሰሞን እጄን ይዛ፣ «ያ ወረቀት ነዋ የዋሸን?» አለችኝ። ንገሪያት፣ ንገሪያት አለኝ ልቤ።

«አዎ፣ እትዬ» አልኳት። እኔን ብሎ የተማረ!

«ሰው ነው፣ ይሳሳታል። የጻፈውን ሰውዬ አውፍ ብዬዋለሁ፤ እንዳትቀየሙት» አለች።

እኔንም አውፍ በይኝ ሳልላት ቀበርናት።