የአባቴ የጥሩምባ ሸክላ

ባለፈው ሳምንት አንድ ባጃጅ ነጂ ከአዲስ አበባ የተላከልኝን ካርቶን ቤቴ ድረስ አመጣልኝ። ልጁ ከላዩ የተጻፈውን አንብቦ «እትዬ፣ ሸክላ ነው ይላል፤ ድስት ነው ጀበና?» አለኝ። «የሚዘፍን ሸክላ ነው» አልኩት። ከት ብሎ ስቆ ሄደ። አልፈረድኩበትም፤ እሱ ሲወለድ ካሴት እንኳ እየተረሳ ነበር። በሩን ዘግቼ ካርቶኑን ስከፍተው የቆየ ወረቀትና የአቧራ ሽታ መታኝ፤ ዕቃውን ትቼ አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ። የአባቴ አልጋ ሥር እንዲህ ነበር የሚሸተው።

ቤታችን ከላሊበላ ዳር፣ ቁልቁለቱ ሊጀምር ሲል ያለች አንድ ክፍል የድንጋይ ቤት ነበረች። የምንኖርባት እኔና አባባ ብቻ ነን። እናቴ ወላጆቿን ልትጠይቅ የትውልድ አገሯ ኮን ሄዳ እዚያው ታማ ሞተች፤ እዚያው ተቀበረች። እኔ ገና አፌን አልፈታሁም ነበር። ፎቶ የላትም፤ በከተማው ውስጥ ዘመድ የላትም፤ ለጎረቤቶቻችንም መጥታ ብዙ ሳትቆይ የሄደች የሰው አገር ሰው ነበረች። አባባ ደግሞ አይናገርም። ጧት «ብይ»፣ ማታ «ተኚ» ይለኛል፤ ከዚያ ውጭ ቀኑን ሙሉ ጉሮሮውን ሲጠርግ ካልሆነ ድምፁን አልሰማም። «ሲሳይ ምላሱን ኮን ቀብሮት መጣ» እያሉ ሰፈርተኞቹ ያሙት ነበር። ሌሎቹ ልጆች በየቤታቸው ሲጯጯሁ እየሰማሁ የእኛ ቤት ለምን እንዲህ ጭር እንዳለ ግራ ይገባኝ ነበር።

በደርግ ጊዜ ጦርነቱ ወደ ከተማችን ከመግባቱ በፊት አባባ በአንድ ሆቴል አስተናጋጅ ነበር። እንግዶቹ ቡና ቤቱ ውስጥ ሲሰበሰቡ ሸክላ የሚያጫውትላቸው እሱ ነበር። ሆቴሉ ሲዘጋ ባለቤቱ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራውን ማጫወቻና የጃዝ ሸክላዎቹን «እስክመለስ ያዝልኝ» ብሎት ሄደ፤ በዚያው ቀረ። አባባም ሸክላዎቹን አንድ በአንድ በአቡጀዲ ጠቅልሎ፣ ሣጥን ውስጥ ደርድሮ ከአልጋው ሥር አስቀመጣቸው። እንኳን ሌላ ሰው፣ እኔም ብሆን እጄን ሳልታጠብ አልነካቸውም።

የባትሪ ድንጋይ ያን ጊዜ እንደ ልብ አይገኝም። ሲደክም ፀሐይ ላይ ማስጣት የእኔ ሥራ ነበር። የእኔ ዘመን ልጆች ታስታውሱታላችሁ፤ ፀሐይ የመታው ድንጋይ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ከደጃችን ካለው የድንጋይ ካብ ላይ እንደ በርበሬ ደርድሬው ዶሮዎቹ እንዳይጭሩብኝ ስጠብቅ እውላለሁ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ አባባ እጁን ይታጠባል፤ ሸክላውን በመዳፎቹ ጠርዙን ይዞ ያወጣዋል፤ እፍ ይልበታል። መርፌዋ እየዘለለች ስለምታስቸግር ክንዷ ላይ አንድ ሳንቲም ያስቀምጥባታል። ከዚያ ያ ጭው የሚለው ድምፅ ይመጣል፤ ከድምፁ ጋር የአባባ አፍ ይከፈታል።

እንዴት ያለ ነገር እንደነበር ለማስረዳት ይቸግረኛል። ሳምንቱን ሙሉ ድዳ የነበረ ሰው ሸክላው ሲዞር ያወራል። «ስሚው፣ ፒያኖው ጠየቀው። አሁን ሳክስፎኑ ይመልስለታል። እህ፣ ውሸቱን ነው!» ይላል። እየሳቀ ጉልበቱን ይመታል። የትኛው ነፊ ኩራተኛ እንደሆነ፣ የትኛው ከበሮ መቺ የማታውን እንቅልፍ እንዳልጨረሰ ይነግረኛል። ሁሉንም ከራሱ ነው የሚፈጥረው፤ ሽፋኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ አይችልም። እኔ በርጩማዬን አስጠግቼ አፉን አፉን አያለሁ። ሳምንቱን ሁሉ የምጠብቀው ያቺን ሰዓት ነበር።

ከሸክላዎቹ ሁሉ አንዱ ለየት ይላል። በአንደኛው ገጽ አንድ ሰው ብቻውን ጥሩምባ ይነፋበታል፤ ሌሎቹ ከኋላው ቀስ ብለው ያጅቡታል። አባባ እሱን ሲያስቀምጥ አይስቅም። መጀመሪያ ጊዜ «ይሄ ሰውዬ ሚስቱ ሞታበት ነው» አለኝ። ሌላ ቀን ደግሞ «ቁመቷ ሎጋ ነበረ» አለ። በሌላው እሑድ «ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፤ ምን እንደሚያሳፍራት እንጃ፣ ጥርሷ የሚያምር ነበር» አለኝ። በአንድ ቀን ከአንድ ነገር በላይ አይናገርም። አንድ እሑድ «ሽሮው የገነፈለባት እንደሆነ ሽሮውን ትቆጣዋለች» ሲለኝ ግን ገረመኝና «ፈረንጅም ሽሮ ይበላል እንዴ?» አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ይሄኛው ይበላል» አለኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። እንደገባኝ ግን አልነገርኩትም፤ ብነግረው የሚያቆም መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ የተናገረውን ሁሉ አንዱን ካንዱ እያስጠጋሁ በሐሳቤ ሰው መሥራት ጀመርኩ። ቁመት አላት፣ ሳቅ አላት፣ ቁጣ አላት። የጎደላት ድምፅ ነበር። «ሰውዬው ሚስቱ ስትጠራው ድምጿ እንዴት ነበረ?» ብዬ ጠየቅሁት። አባባ «እሱን በሌላ ቀን» አለኝና መርፌዋን አነሳ። ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ እንኳ እሱን ሳስብ ሰነበትኩ።

አሁን ስለ ጥሩምባ ሌላ ነገር ልንገራችሁ። በእኛ አገር እድሩን ቅሬ እንለዋለን። ሰው ሲሞት የቅሬው ጥሩምባ ነፊ ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ይነፋል፤ ረጅምና ወፍራም ድምፅ፣ ያንኑ መልሶ መላልሶ። እሱን የሰማ ሥራውን ጥሎ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ድምፁ ወደመጣበት ይወጣል። የማይወጣ ሰው የለም።

እሑድ ሳይደርስ፣ አንድ ጧት ገና ሳይነጋ አባባ እንቅልፍ እምቢ ብሎት ተነሣ። ማጫወቻውን ከተከፈተው መስኮት ሥር አስቀምጦ ያን የጥሩምባ ሸክላ ከፈተው። ወዲያው ቦኖው ውሃ የሚሰጠው በጧት መሆኑ ትዝ ቢለው፣ ወረፋ እንዳያልፈው ሸክላውን እንደከፈተ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ወረደ። እኔ በእንቅልፍ ልቤ እሰማለሁ። ድንጋዮቹ ደክመው ስለነበር ድምፁ እየጎተተ፣ እየወፈረ ሄደ። ሳንቲሙም ወደቀና መርፌዋ እየዘለለች እዚያው አንድ ቦታ ላይ ትመላለስ ጀመር። ያ ጥሩምባ አንዱን ረጅም ድምፅ ወደ ውጭ ይለቃል፤ መልሶ ይለቃል፤ አሁንም ይለቃል። በመጨረሻ ድንጋዮቹ ጨርሰው ሞቱና ቤቱ ጸጥ አለ።

ጸጥታው አልቆየም። እዬዬው ከደጅ ተነሣ። ከሁሉ ቀድማ የገባችው አጥር የምንጋራት እትዬ ዝናሽ ናት። ቤቱ ገና ጨለማ ነው። የአባባን አልጋና ላዩ ላይ የተጠቀለለውን ጋቢ አየችና ደረቷን መታች። «ውይ ሲሳይ! ውይ የኔ ዝምተኛ! ይችን ለማን ጥለሃት ሄድህ!» ብላ እኔን ከነብርድ ልብሴ አንሥታ እቅፍ አደረገችኝ። ከኋላዋ ሴቶቹ ገቡ፤ ሁሉም እየተቀባበሉ ይስሙኛል፣ ያለቅሱብኛል። አባባ ውሃ መውረዱን አውቃለሁ፤ ጀሪካኑ ከቦታው የለም። አፌን ግን አልከፈትኩም። እንደዚያ አጥብቆ ያቀፈኝ ሰው አላስታውስም፤ የእትዬ ዝናሽ አንገት ቅቤ ቅቤ ይሸታል፣ ይሞቃል። ቤታችን ሰው ሞልቶበት አይቼ ስለማላውቅ ደስ አለኝ፤ እውነቱ ይሄው ነው።

አባባ ደግሞ ቦኖው ጋ ወረፋ ላይ እንዳለ ጥሩምባውን ሰማ። እንዲያ ወፍሮና ተጎትቶ ሲመጣ እሱም የራሱ ሸክላ መሆኑን አላወቀውም። አንዲት ሴት «ሲሳይ፣ ወደናንተ ቤት ነው ሰዉ የሚሮጠው» አለችው። ከቤት ትቶ የወጣው እኔን ብቻ ነው። ጀሪካኑን እዚያው ጥሎ ዳገቱን በሩጫ ወጣው። እኔ የሰማሁት መጀመሪያ ድምፁን ነው፤ «ልጄን! ደብሬን! ደብሬዋን!» ይላል። አባባ እንዲህ መጮህ እንደሚችል አላውቅም ነበር። ሟች ተብሎ የተለቀሰለት ሰው እያለቀሰ ሲገባ ደጅ ያሉት ሴቶች «በስመ አብ!» እያሉ ተበተኑ። እሱ ማንንም አላየም። ከእትዬ ዝናሽ እቅፍ ውስጥ ሲያየኝ መሬት ላይ ተቀመጠ። ፊቴን፣ እጄን፣ እግሬን ዳሰሰኝ። ከዚያ ቀና ሲል ዓይኑ መስኮቱ ሥር ባለው ማጫወቻ ላይ ዐረፈ።

ግማሹ ሰው ሳቀ፤ ወጣቶቹማ ሆዳቸውን ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩ። የቅሬው ዳኛ አያ ይመር ግን አልሳቁም። ከሰዓት በኋላ ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር መጥተው ከደጃችን ወይራ ሥር ተቀመጡ። እኔ የአባባን ጋቢ ጫፍ ይዤ ቆሜያለሁ።

«ሲሳይ፣ ጠልተንህ እንዳይመስልህ» አሉት አያ ይመር። «ያንተን ዝምታ እናውቃለን፤ ብቻህን ከምትሆን ይሄን ዕቃ ብታናግር ምናችን ነው? ነገር ግን ጥሩምባ ለጨዋታ ተነፍቶ ጀሮአችን የለመደው እንደሆነ፣ ነገ እውነተኛው ሲነፋ ማን ይወጣል? እንግዲያ አንዱን ምረጥ፤ ወይ ይሄን ትዘጋለህ፣ ወይ ከቅሬው ትወጣለህ።»

አባባ ይከራከራል ብዬ ነበር። ሰበቡ የደከመው ድንጋይ ነው፣ ጥሩምባ የሌለበትን እያጫወትኩ እቀመጣለሁ ማለት ይችል ነበር። እሱ ግን እኔን አየኝ። «እውነትዎን ነው አያ ይመር» አለ፤ «እኔ ራሴ ሮጫለሁ። እዘጋዋለሁ። ብቻ እኔ አንድ ነገር የሆንኩ እንደሆነ ይችን ብቻዋን እንዳትተዋት።» አያ ይመር «ቅሬው እያለ ማን ብቻዋን ይተዋታል?» ብለው ትከሻውን መቱት። ሽማግሌዎቹ መርቀውት ሄዱ።

አባባ ነገር በግማሽ መሥራት አያውቅበትም፤ ሣጥኑን ሙሉውን ዘጋው። ቀጣዩ እሑድ መጣ፤ ድንጋይ የሚሰጣ የለም፤ በርጩማዬን ወስጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። «አባባ፣ ያ ሰውዬ እንዴት ነው?» አልኩት። አፉን ከፈት አድርጎ ሞከረ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ «ብይ» አለኝና የምሳ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋው። ሸክላው ካልዞረ መናገር አይሆንለትም። እኔና እሱ በአንዲት ክፍል ውስጥ እንዲያ ሆነን ዓመታት ኖርን፤ እኔ ልጠይቀው እየፈለግሁ፣ እሱም ሊነግረኝ እየፈለገ መሰለኝ።

አድጌ እዚሁ ከተማችን አስተማሪ ሆንኩ። መብራቱም ገባ፤ አያ ይመርም ዐረፉ፤ የቅሬው ጥሩምባም በድምፅ ማጉያ ተተካ። አሁን የሚከለክለን የለም ብዬ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማጫወቻ ገዛሁ። ያን ሸክላ ከአቡጀዲው አውጥቼ ለአባባ ከፈትኩለት። አርጅቶ ነበር። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እስከ መጨረሻው ሰማው። «ጥሩ ነፊ ነው» አለኝ። እኔም እንደ ልጅነቴ ተጠግቼ «ሚስቱስ አባባ? ድምጿ እንዴት ነበረ?» አልኩት። ዞር ብሎ አየኝ። «የማን ሚስት?» አለኝ። ረስቶት ይሁን፣ ወይስ ያን ያህል ዘመን ዘግቶበት ቁልፉ ጠፍቶት፣ አላወቅሁም። ደግሜ አልጠየቅሁትም።

አባባ ሲሞት ቅሬው ቃሉን አላጠፈም። ድንኳኑ ተተከለ፤ ሰዉ ግቢውን ሞላው፤ እትዬ ዝናሽ በዚያ እርጅናዋ አቅፋኝ አለቀሰች። ሴቶቹ አጠገቤ አደሩ፤ ሳልበላ የሚበላ አልነበረም። ስለ አባባ ሁሉም የሚያወራው ነበረው። ስለ እናቴ ብጠይቅ «ቆንጆ ነበረች መሰለኝ» ከሚል በቀር የሚያስታውሳት አላገኘሁም። ሠልስት ሲወጣ ድንኳኑ ተነቀለና ሰዉ ወደየቤቱ ገባ። ማንንም አልወቅስም፤ ሰው ሥራ አለው፣ ልጅ አለው።

ዛሬ ሸክላ ሰብሳቢ ሆኛለሁ። የሆቴል ልጆች «የሸክላዋ እትዬ» ይሉኛል። የውጭ አገር እንግዳ በጠፋባቸው በእነዚህ ዓመታት ከእኔ ሌላ ጃዝ የሚሰማ በሰፈሩ ያለ አይመስለኝም። መብራት አለ፤ ድንጋይ አልጠብቅም፤ የፈለግሁትን በፈለግሁበት ሰዓት እከፍታለሁ። በጧት መስኮቴን ከፍቼ ጥሩምባ ባጫውት ማንም ነጠላውን ይዞ አይወጣም፤ ከየአቅጣጫው በሚለፈልፈው ድምፅ ማጉያ ውስጥ ማንስ ይለየዋል? ያን የአባባን ሸክላም አጫውተዋለሁ። በደንብ የሚነፋ የማላውቀው ሰው ነው፤ ነፍቶ ነፍቶ ያበቃል።

አባባ እኔን ለሰው አደራ ለመስጠት ሲል ያለውን ጨዋታ ሁሉ ሰጠ። እኔን ቢጠይቀኝ ኖሮ ከቅሬው እንውጣ እለው ነበር። ልጅ ነበርኩና ማን ይጠይቀኛል። አሁን እኔም የቅሬው አባል ነኝ፤ ስሞት የሚቀብረኝ አላጣም። የእናቴ ድምፅ ቀጭን ይሁን ወፍራም ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።