ሙሽሪትን ፎቶ ያነሳሁ ለታ

ባለፈው ወር ከአዳማ ወደ ሞጆ ልሄድ መናኸሪያ ገብቼ፣ ከአንድ አሮጌ አውቶቡስ የወጣው የናፍጣ ጭስ ፀሐይ ካጋለው የወንበር ፕላስቲክ ሽታ ጋር ተደባልቆ አፍንጫዬን ሲመታኝ እግሬ ቀጥ አለ። እጄ ደግሞ እኔን ሳያማክር ቦርሳዬ ውስጥ ገብቶ ስልኬን አወጣ። አውቶቡሱን አንዴ ፎቶ እንዳነሳሁ ደንብ ልብስ የለበሰ አንድ ወጣት መጣና «እማማ፣ እዚህ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው» አለኝ። «የት ተጽፏል?» አልኩት። ምስኪን፣ ዞር ዞር ብሎ ከልቡ ፈለገ። የተጻፈ ነገር ሲያጣ «እንዲሁ ክልክል ነው» አለኝ። «እንዲሁ የተከለከለ እንዲሁ ይፈቀዳል» አልኩትና ሁለተኛውን አነሳሁ። ልጁ ራሱን እየነቀነቀ ጥሎኝ ሄደ፤ እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬ ልቤ እንደ ኮረዳ ሲመታ ተሰማኝ። ይህን ክርክር የጀመርኩት ከእሱ ጋር አይደለም። የጀመርኩት እሱ ሳይወለድ፣ በደርግ ጊዜ፣ ይህች ከተማ ናዝሬት በምትባልበት ዘመን ነው።

ያኔ የሰፈራችን ልጆች ኳስ ሲወዱ እኔና የጎረቤታችን የልብስ ሰፊው ልጅ ለሚ የምንወደው አውቶቡስ ነበር። ቤታችን ከመናኸሪያው አጥር ጀርባ ስለሆነ ገና ከአልጋችን ሳንወርድ የቱ እንደገባ በክላክሱ ብቻ እንለይ ነበር፤ የአሰላው እንደ በሬ ያገሳል፣ የወንጂን ሠራተኛ የሚያመላልሰው ጉንፋን እንደያዘው ሰው ያነፈንፋል፣ የአዲስ አበባው ደግሞ ኩራት ይዞት አንዴ ብቻ ጥሩንባውን ነፍቶ ይገባል። የየአውቶቡሱን ታርጋ፣ የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት፣ መስታወቱ መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን፣ ስንት ሰው እንደጫነ ሳይቀር የምንመዘግብበት ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ነበረን። በየግድግዳው ጆሮ አለ በሚባልበት በዚያ ዘመን፣ እንዲህ ያለ ደብተር ይዞ መናኸሪያ ለመናኸሪያ መዞር ምን ሊያስከትል እንደሚችል የማይታየው ሰው ቢኖር አውቶቡስ ወዳድ ብቻ ነው።

ከሁሉም አብልጠን የምንወዳት በሻሸመኔ መስመር የምትሠራዋን ሰማያዊ አውቶቡስ ነበር። ሹፌሯ ጋሽ ቱሉ የፊት መስታወቷን በቀይ ዘርፍ ከበው፣ ከመሪው ፊት ለፊት የፕላስቲክ አበባ ደርድረው ስላስጌጧት ሕዝቡ ሙሽሪት ይላታል። ጣሪያዋ ላይ ባለው ፖርቶመጋላ ሲጫን የሚከርመው የመቂ ቲማቲምና የዝዋይ ዓሣ ሽታው ከሰውነቷ ስለማይለቅ፣ ሙሽራ ትሁን እንጂ የምትሸተው እንደ ቅዳሜ ገበያ ነበር። ጋሽ ቱሉ ጧት ሲመጡ መጀመሪያ ጎማዋን በጫማቸው መታ መታ አድርገው «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ» ይሏታል፤ ወደ ሰው የሚዞሩት ከዚያ በኋላ ነው። ሊያሳጥቧት ሲወስዷት እኔንና ለሚን ከሞተሩ ኮፈን አጠገብ ያስቀምጡናል፤ የኮፈኑ ሙቀት በቀሚሴ አልፎ ጭኔን ሲለበልበኝ ትንፍሽ አልልም፤ ብናገር ወደ ኋላ ወንበር እንዳይሰዱኝ እፈራለሁ።

በመናኸሪያው ግቢ ውስጥ ግን መሳፈር ጦርነት ነበር። ባዶ አውቶቡስ ሲቆም ገብተን ከወንበር ወንበር እየተዘዋወርን እንቀመጣለን፤ ከየትኛው ወንበር መሪው በደንብ እንደሚታይ፣ የትኛው ወንበር በየጉድጓዱ እንደሚያነጥር ለማወቅ ነው። ትኬት ቆራጩ ግን ወንበር ይዘው ለመንገደኛ ከሚሸጡት ዱርዬዎች ጋር አንድ አድርጎን ቀበቶውን ፈትቶ ይመጣል። «ልናየው ነው እንጂ አንሸጥም» ስንለው «ወንበር ምኑ ይታያል?» ይላል። ለሚ በመስኮት ዘሎ ያመልጣል፤ እኔ ግን እጄን አጣጥፌ «ትኬት የቆረጠ ሰው ሲመጣ እነሳለሁ» እላለሁ። አንድ ቀን ክንዴን ይዞ በፊተኛው በር ሲያወርደኝ በኋለኛው ገባሁ፤ በኋለኛው ሲያወርደኝ በፊተኛው ገባሁ፤ ተሳፋሪው በሳቅ ሲፈርስ ሰውየው ደክሞት ደረጃው ላይ ተቀመጠ። እናቴ ግንባሯን የማታጥፍ ልጅ ወለድኩ እያለች ለጎረቤት ታማርር ነበር፤ ስታማርርም የምትኮራ ይመስለኛል።

አሥረኛ ክፍል በገባን ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ሙሽሪት ከነሹፌሯ ወደ ሰሜን ለግዳጅ ታዛለች የሚል ወሬ መጣ። ከእሷ በፊት ከመናኸሪያችን የታዘዙ አውቶቡሶች ነበሩ፤ በደብተራችን ውስጥ የወጡበት ሰዓት አለ፣ የገቡበት ግን ባዶ ነው። ለሚ ያንን ባዶ ቦታ በጣቱ እያሳየ «ሙሽሪትም እንዲህ ልትሆን ነው» ሲለኝ፣ ሳትሄድ ፎቶ ላነሳት ወሰንኩ። ፎቶ ቤት የነበረው አጎቴ ካሜራውን እንዲያውሰኝ ሦስት ቀን ሙሉ ለመንኩት። ካሜራው ውስጥ ያለው ፊልም የቀበሌያችን ሊቀመንበር ልጅ ሠርግ የተነሳበት፣ ገና ያልታጠበ ነበር፤ የቀረው ሦስት ፎቶ ብቻ ነው። አጎቴ ማንገቻውን አንገቴ ላይ እያጠለቀ «ሠርጉን ብታበላሺው እኔም ፎቶ ቤቱን አጣለሁ፣ አንቺም አጎትሽን ታጫለሽ» አለኝ።

በመሄጃዋ ቀን ጧት መናኸሪያው ደረስን። በዚያ ዘመን ፎቶ ማለት ሰው ማለት ነው፤ ካሜራ ካለ ሰው ይሰለፋል። ካሜራውን ገና ከማውጣቴ ረዳቱ፣ ሎሚ ሻጮቹ፣ ነጠላቸውን የሚያስተካክሉ መንገደኞች፣ የማያውቁኝ ሁሉ ሙሽሪት ፊት ተደረደሩ። አንድ በአንድ ዞር አደረግኳቸው። «ሰው አልፈልግም፣ እሷን ብቻ ነው የማነሳው» ስል አንዲት ሎሚ ሻጭ «ወይ ጉድ፣ ከሰው ብረት ተሽሎ» ብላ አኮረፈችኝ። በመጨረሻ የቀሩት ጋሽ ቱሉ ነበሩ። አይቼው የማላውቀውን ቡናማ ኮት ለብሰው፣ ፀጉራቸውን በውኃ አበጥረው፣ አንድ እጃቸውን የሙሽሪት አፍንጫ ላይ አድርገው ቀጥ ብለው ቆመዋል። እኔ በካሜራው ቀዳዳ ሳይ ግን የታየኝ የታርጋው ግማሽ መሸፈኑ ነው።

«ጋሽ ቱሉ፣ ታርጋውን ጋረዱብኝ፤ ትንሽ ዞር ይበሉልኝ» አልኳቸው።

«እሺ የኔ ልጅ፣ ዛሬ የእሷ ቀን ነው» ብለው ሳቁና መጥተው ከኋላዬ ቆሙ።

ከፊት፣ ከጎን፣ ከነመሰላሏ ከኋላ፣ ሦስቱንም አነሳሁ። ሦስተኛውን እንደጨረስኩ የመናኸሪያው ዘበኛ አንገትጌዬን ያዘኝ፤ ለሚንም ከነደብተሩ ይዞ አውቶቡሶቹን ወደሚያሰማራው ሹም ቢሮ አስገባን። ሹሙ ጓድ አሰግድ ይባላል። ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር፤ ዛሬ ግን ወረቀት ላይ ነኝና እሱ ብለው ቅር አይለኝም። ደብተራችንን ገጽ በገጽ ሲገልጥ፣ ታርጋውንና ሰዓቱን፣ የተጫነውንም ሰው ብዛት ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይህን ለማን ነው የምታቀብሉት?»

«ለማንም። ስለምንወዳቸው ነው» አልኩት።

«ዘመድሽን ብታነሺ ይገባኝ ነበር። መኪና ዘመድሽ ነው? ያውም ወደ ግዳጅ የምትሄድ መኪና መሆኗን እያወቅሽ።»

«ለዚያ እኮ ነው ያነሳኋት። ላትመለስ ትችላለች።»

ይህን በዚያ ቢሮ ውስጥ፣ በዚያ ሰው ፊት ጮክ ብሎ የሚናገር አልነበረም፤ ለሚ በክርኑ ጎሰመኝ። ጓድ አሰግድ ካሜራውን ከአንገቴ አውጥቶ የጀርባውን ክዳን መነካካት ጀመረ። ፊልሙን ብርሃን ካገኘው ሙሽሪት የለችም። አፌ እንደ ልማዱ እኔን አልጠበቀኝም።

«ይክፈቱት» አልኩ። «ከአውቶቡሷ በፊት ግን የሊቀመንበራችን ልጅ ሠርግ አለበት፤ ከነሙሽራው፣ ከነሚዜው ይቃጠላል። ሊቀመንበሩ ማን ከፈተው ብለው ሲጠይቁ እንዳልሳሳት ስምዎን በወረቀት ላይ ይጻፉልኝ።»

ጣቱ ክዳኑ ላይ ቆመ። ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ከመሳቢያው ወረቀት አወጣ፤ ጥፋቴን አምኜ ሁለተኛ እንዳልደግም፣ ያዘዘኝም ሹፌሩ መሆኑን ጽፌ እንድፈርም ነው። አልፈርምም አልኩ። ጥፋት የለብኝም፣ ያዘዘኝም የለም። ጮኸብኝ፤ እጄን አጣጥፌ አየሁት። ለሚም ምንም እንኳ ፊቱ አመድ ቢመስል እስክሪብቶውን ሲሰጠው እጁን ወደ ኋላው አድርጎ ቆመ። በዚህ መሀል ጋሽ ቱሉ በሩን ከፍተው ገቡ።

«የፈቀድኩላት እኔ ነኝ፤ ጥፋት ካለ የኔ ነው» አሉ።

«አንተ ሂድና መኪናህን አስነሳ» አለ ጓድ አሰግድ፣ በዕድሜ አባቱ የሚሆኑትን ሰው።

«ልጆቹ ሳይወጡ አላስነሳም» አሉና ኮታቸውን ሰብሰብ አድርገው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። ውጭ ከሙሽሪት ጋር የሚሄዱት መኪናዎች ሞተራቸውን አስነስተው ይጠብቃሉ፣ አንድ ወታደር ክላክስ ይነፋል፣ ጋሽ ቱሉ ደግሞ ቁልፉን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ። ጓድ አሰግድ አንዴ ወደ መስኮቱ አንዴ ወደ እሳቸው እያየ ላብ አጠመቀው። በመጨረሻ ደብተሩን መሳቢያው ውስጥ ቆልፎ ካሜራውን ወረወረልኝና ከፊቴ ጥፉ አለን። ከበሩ ስንወጣ ጋሽ ቱሉ ትከሻዬን መታ አድርገውኝ ሙሽሪት ላይ ወጡ፤ አጥሩን እስክታልፍ ድረስ ክላክሷን ሳያቋርጡ ነፉልን። እኔ በዚያ ቀን ከንጉሥ የምበልጥ መስሎኝ ነበር፤ ሹሙን፣ ዘበኛውን፣ ግቢውን በሙሉ አሸንፌ ሦስት ፎቶ ይዣለሁ።

ፎቶዎቹ ሲታጠቡ ግሩም ሆነው ወጡ። ታርጋው ቁጥር በቁጥር ይነበባል፣ ዘርፉ ክር በክር ይቆጠራል። አጎቴ አንዱን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ ሲያየው ቆየና «ባለቤቷስ?» አለኝ። «ታርጋውን ጋርደውብኝ ነው» አልኩት፤ ፎቶውን እጄ ላይ አስቀምጦ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሦስቱንም አልጋዬ አጠገብ ለጠፍኳቸው።

ፋሲካ ሳይደርስ መርዶ መጣ። ሙሽሪት የት እንደቀረች፣ ምን እንዳገኛት የነገረን የለም፤ መርዶውን ይዞ በመጣው ወረቀት ላይ የነበረው የጋሽ ቱሉ ስም ብቻ ነው። በማግስቱ ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ሰው ልከው አስጠሩኝ። ስገባ ጎረቤት ከቧቸው ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። ድምፃቸው ተዘግቶ ስለነበር ጎንበስ ብዬ ሰማኋቸው።

«አስቱ፣ ለቅሶው ላይ የምይዘው ፎቶ የለኝም። ያለው የመንጃ ፈቃዱ ነበር፣ እሱም አብሮት ሄደ። ያን ቀን አንቺ አንስተሽዋል። ኮቱን እኮ የለበሰው አስቱ ፎቶ ልታነሳኝ ነው ብሎ ነው፤ ከሠርጋችን ወዲህ ለብሶት አያውቅም። አምጪልኝ።»

ቤት ሄጄ ሦስቱንም ከግድግዳው ላጥኩና አመጣኋቸው። ምን ላደርግ እችል ነበር? እትዬ ዘነበች አንዱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ዳር ዳሩን ፈለጉ፤ ሁለተኛውን አነሱ፤ ሦስተኛውን ገልብጠው ጀርባውን ሳይቀር አዩ።

«የታለ?» አሉኝ።

«ከኋላዬ ቆመው ነበር» አልኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አፌ እምቢ ያለኝ ያኔ ነው፤ ዞር ያደረግኳቸው እኔ መሆኔን መናገር አቃተኝ።

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከፊት ያነሳሁትን መረጡና «እሷንም ይወዳት ነበር» አሉ። በዚያ ቀን በጋሽ ቱሉ ግቢ ውስጥ ሴቶች የአውቶቡስ ፎቶ ይዘው፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ደረታቸውን ሲደቁ ዋሉ፤ ከለቀስተኛው መሀል ይህ ምንድን ነው ያለ አልነበረም። እኔ አጥሩ ሥር ቆሜ የማለቅሰው ስለ እሳቸው ይሁን ስለ ራሴ አላውቅም ነበር።

ለጓድ አሰግድ ዛሬም ይቅርታ አልጠይቅም። ያን ወረቀት ዛሬ ቢያመጣው ዛሬም አልፈርምም፤ ያን ካሜራ ለመክፈት ዛሬ ቢሞክር ዛሬም ሊቀመንበሩን እጠራበታለሁ። እትዬ ዘነበችን ግን እስኪሞቱ ድረስ በመንገድ ባየኋቸው ቁጥር መንገዴን ቀይሬ አልፋቸው ነበር። ግንባሯን አታጥፍም የተባለችው እኔ ለእሳቸው አንዲት ቃል መናገር ሳልችል ቀረሁ፤ አሁን ልናገር ብል የሚሰማኝ የለም።

ለሚ አሰላ ነው የሚኖረው፣ አልፎ አልፎ እንደዋወላለን። ጋሽ ቱሉ ጢም ነበራቸው ይለኛል፤ አልነበራቸውም እለዋለሁ። እሱ ቀጭን ነበሩ ሲል እኔ ሞላ ያሉ ነበሩ እላለሁ፤ ተከራክረን ተከራክረን ሳንስማማ ስልኩን እንዘጋለን። የሙሽሪትን ታርጋ ግን ከእንቅልፋችን ብትቀሰቅሱን እስከ መጨረሻዋ ቁጥር እንነግራችኋለን።