የኦቦ ደገፋ ጨፌና የጅዳው ሞተር

ዘሃራ ሳር ትሸጣለች። የሚታጨድ ሳር አይደለም፤ ከነሥሩና ከነአፈሩ ተነስቶ የቦሌ ቪላዎች ግቢ ውስጥ እንደ ምንጣፍ የሚነጠፍ ሰርዶ ነው። ሥራውን የጀመረው ባሏ እንድሪስ ነበር። ከወሎ መጥቶ በአንድ አምባሳደር ግቢ አትክልተኛ ሆኖ ሲሠራ፣ ጎረቤቶቹ ሁሉ እንደዚያ ያለ ሳር አምጣልን ይሉት ጀመር። እንድሪስ ሲሞት ዘሃራ አካፋውን አነሳች። "ሴት ልጅ አፈር ስትቆፍር አየን" ያሉ ወሎ ሰፈር ውስጥ ሞልተው ነበር። እሷ ግን ሥራ ነበረባት። ዘንድሮ በ1989 ዓ.ም. አካፋውን ካነሳች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው።

ሳሩ የሚመጣው ከገርጂ ወዲያ ካለው ከኦቦ ደገፋ ጨፌ ነው። ኦቦ ደገፋ አምስት ላምና ሁለት በሬ ያላቸው ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ከዘሃራ ጋር ያላቸው ውል ወረቀት የለውም። በየበጋው ለከብቶቻቸው አሥራ ሁለት ኩንታል ፉሩሽካ ታስገባለች፤ እሳቸውም ጨፌውን ይፈቅዱላታል። አንድ ሕግ ብቻ አለ፦ አንድ መደዳ ቆርጠሽ አንድ መደዳ ትተያለሽ። የተተወው መደዳ ላይ ያለው ሰርዶ ግራና ቀኝ እየተሳበ የተላጠውን መሬት በሁለት ክረምት ይሸፍነዋል። ጨፌው እስካሁን ያላለቀው በዚህ ሕግ ነው።

አቆራረጡም የራሱ ወግ አለው። ባዶ የቢራ ሳጥን ሳሩ ላይ ይደፋል። ዙሪያው በተሳለ አካፋ ይቆረጣል፣ ከዚያ አካፋው ከሥር ገብቶ ያነሳዋል። ሁሉም ቁራጭ እኩል ነው። ዘሃራ ከቢራ ጋር ያላት ዝምድና ይኸው ሳጥን ብቻ ነው። ሳጥኑን የሚይዘው ኢሳ ነው፤ ከእንድሪስ ጊዜ ጀምሮ አብሯት ያለ፣ ብዙ የማይናገር፣ ሲናገር ግን የሚናደፍ ሰው።

ጣጣው የመጣው ከጅዳ ነው።

የዘሃራ ታናሽ ወንድም ሐሩን እዚያ በአንድ የአትክልት ኩባንያ ስድስት ዓመት ሠርቶ ተመለሰ። ሌላው ሰው ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ይዞ ሲመጣ እሱ በእንጨት ሳጥን የታሸገ ማሽን አመጣ። ከላይ ሞተር አለው፤ ከሥር ወዲያና ወዲህ የሚንቀጠቀጥ ሰፊ ምላጭ፤ ከኋላ እንደ ጋሪ የሚገፋበት እጀታ። እየገፉት ሲሄዱ ሳሩን ከሥር እየላጠ እንደ መቀነት ዘርግቶት ያልፋል።

"እቴ፣ ይኼ አካፋን ሙዚየም ያስገባዋል" አላት። "የስድስት ቀን ሥራ በአንድ ጧት!"

"እስቲ መጀመሪያ ይነሳ።"

"አብሽሪ!"

ሐሩን ለሁሉም ነገር "አብሽሪ" ይላል፤ አይዞሽ ማለቱ ነው። ሳጥኑ ሲከፈት ማሽኑ ሞተሩን ከምላጩ የሚያያይዘው ቺንጋ የለውም። አብሽሪ። በወሎ ሰፈር ጋራዦች አራት ቀን ሲዞሩ ሰነበቱ፤ አንዱ መካኒክ ማሽኑን ገልብጦ አይቶ "የማንን ፀጉር ነው የምትቆርጡበት?" ብሎ ጠየቃቸው። በመጨረሻ ከወፍጮ ቤት የተገኘ አሮጌ ቺንጋ ተቆርጦ፣ ተሰፍቶ ገባለት። ቀጥሎ ሞተሩ አልነሳም አለ። የማስነሻ ገመዱ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ይጎተታል፤ ሞተሩ ያስላል፣ ያጓራል፣ ዝም ይላል። ከተነሳ በኋላ ማቆም ደግሞ ሌላ መከራ ነው፤ አንዴ ከቆመ ደህና አድርጎ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ዳግመኛ አይነሳም።

"እንደ አማት ነው" አለ ኢሳ። "አንዴ ከተቀመጠች አትነሳም።"

በጥቅምት መጀመሪያ፣ ሃያ ሁለት በሚባለው ሰፈር አዲስ የተሠራ ሆቴል ስምንት መቶ ካሬ ሳር አዘዘ። ምርቃቱ ቅዳሜ ነበር። ሥራ አስኪያጇ መብራት፣ ከእጇ አጀንዳ የማይለይ ቀልጣፋ ሴት፣ ሥራው ካማረላት የግቢውን እንክብካቤ ዓመቱን ሙሉ ለዘሃራ እንደምትሰጥ ነገረቻት።

ረቡዕ ጧት ዘሃራ የሆቴሉን ግቢ ለማስደልደል ልትሄድ ስትነሳ ሐሩንን አስጠነቀቀችው።

"አንድ መደዳ ቁረጥ፣ አንድ መደዳ ተው። ስምንት መቶ ሲሞላ አቁም።"

"አብሽሪ እቴ።"

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳሩን ልትጭን በኢሱዙ ተመለሰች። ከመንገዱ ላይ ሆና ስታይ የሌላ ሰው እርሻ መሰላት። ጨፌው ጥቁር ነበር። ከላይኛው ጫፍ፣ ከቦዩ ማዶ ካለችው ቁራሽ በቀር ሁለት ሺህ ካሬ የሚሆን ሳር ተልጦ፣ ረጃጅም ሆኖ፣ ክብ በክብ ላይ እየዞረ ተጋድሟል። መሀሉ ላይ ሐሩን ማሽኑን ተደግፎ ቆሟል፤ ፊቱ አፈር ብቻ፣ ጥርሱ ይስቃል። ኢሳ ራቅ ብሎ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ የቢራ ሳጥኑ ላይ ተቀምጧል።

"ስንት ነው የቆረጥከው?"

"ሁሉንም! በአምስት ሰዓት ውስጥ!"

"መደዳውስ?"

"መደዳ ለመዝለል ምላጩን ማንሳት ግድ ነው። ምላጩን ለማንሳት ሞተሩን ማቆም ግድ ነው። ከቆመ ደግሞ ዛሬ አይነሳም። ስለዚህ ከዳር ጀመርኩና እየዞርኩ ወደ መሀል ገባሁ።"

"ስምንት መቶ ሲሞላስ?"

"ተነስቶ እያለ አጠፋዋለሁ? ለሌላ ደንበኛ ይሆናል ብዬ…"

"አሁንስ ምን አቆመህ?"

"ቤንዚን አለቀ።"

ዘሃራ ወደ ኢሳ ዞረች። "አንተስ? አፍ የለህም?"

"ነገርኩት" አለ ኢሳ ሳይዞር። "ሞተሩ ከኔ ይበልጥ ይጮኻል።"

"አብሽሪ እቴ፣ ዋናው…"

"አንድ ጊዜ ደግመህ አብሽሪ ብትለኝ ምላስህን በዚሁ ምላጭ ከነሥሩ ነው የማነሳልህ!"

ወሬው ሳያልቅ የኦቦ ደገፋ ከብቶች መጡ። እንደ ልማዳቸው ወደ ጨፌው ሊገቡ ሲሉ ከዳር ቆሙ። ኦቦ ደገፋም ዱላቸውን ተደግፈው ከጎናቸው ቆሙ። የተላጠውን ከዳር እስከ ዳር አዩት።

"ዘሃራ" አሉ በመጨረሻ። "ከብቶቼ ሞተር ይብሉ?"

"ጥፋቱ የኔ ነው አባባ። እመልሰዋለሁ።"

"የተላጠ ይመለሳል?"

"ሥሩ ሳይደርቅ እመልሰዋለሁ። ሁለት ቀን ይስጡኝ።"

"ሁለት ቀን ምን ያደርግልኛል? ኅዳር ሚካኤል ዕለት መጥቼ አያለሁ። ሥር ከያዘ ውላችን ውል ነው። ካልያዘ ሌላ ጨፌ ፈልጊ።"

ሌላ ጨፌ አልነበረም። ከገርጂ እስከ ጎሮ የነበረው ሜዳ ግማሹ ታጥሯል፤ ግማሹ ላይ መሠረት እየተቆፈረ ነው። ያለዚህ ጨፌ ዘሃራ አካፋ ያላት ሴት እንጂ ሳር ነጋዴ አይደለችም። የተነሳ ሳር ደግሞ ፀሐይ ላይ ከሁለት ቀን በላይ አይቆይም። ሐሩንን አየችው።

"ይኼ ማሽንህ ወደ ኋላ ይሄዳል?"

"አይሄድም።"

"እንግዲያው ጎንበስ በል።"

ሐሙስ ጧት አራት መቶ ካሬ ጭና ሆቴሉ ደረሰች፤ የፊቱን ግቢ አስነጥፋ እንደጨረሰች ልትመለስ ስትል መብራት ደጃፉ ላይ ያዘቻት።

"የኋላውስ ወይዘሮ ዘሃራ? ኦፕኒንጉ እኮ ቅዳሜ ነው! ስንት ባለሥልጣን ጠርተናል!"

"ከቅዳሜ በፊት አይደርስም።"

"ማሽን አለን አላሉኝም?"

"አለን።"

"ታዲያ?"

"ችግሩ እሱ ነው።"

"እኔ ይኼ አይገባኝም። ነገ ካልጨረሱልኝ የዓመቱን ሥራ ይርሱት።"

ዘሃራ ኢሱዙው ላይ ወጣች። የቀረው ሳርና የቀረው ጉልበት ጨፌውን ለመመለስ ነው፤ ሆቴሉ ለዓመት ነው፤ ጨፌው ለዕድሜ። ገርጂ እስክትደርስ ድረስ ግን ይኼን ማሰቡ ንዴቷን አላበረደላትም።

መልሶ መትከሉ ከመንቀሉ አሥር እጥፍ ከበደ። ማሽኑ የላጠው ሳር እንደ ምንጣፍ ረጅም ስለሆነ ሲያነሱት ከመሀል ይበጠሳል። ስለዚህ ኢሳ የቢራ ሳጥኑን እየደፋ እንደገና በአካፋ ቆራረጠው፤ ማሽኑ በአምስት ሰዓት የጨረሰው ሥራ እንደ አዲስ በእጅ ተሠራ ማለት ነው። ዘሃራ ታስቀምጣለች፤ ኢሳ በእግሩ ይረግጣል፤ ሐሩን ከጨፌው ግርጌ ካለው ወንዝ ውኃ በጄሪካን ያመላልሳል፤ በመሀሉ እሱም ይተክላል። አርብ ሊመሽ ሲል እጁን ዘርግቶ አሳያት። መዳፉ ተልጦ ነበር።

"እቴ፣ እጄን እይው።"

"አብሽር" አለችው።

አራት መቶ ካሬ ያህል ሳይደረስበት ቢጫ ሆኖ ቀረ። ሌላው ተመልሶ ተተከለ።

ሆቴሉ ቅዳሜ ዕለት ተመረቀ። መብራት የኋላውን ባዶ መሬት ሁለት መኪና ቄጠማ አምጥታ ጎዝጉዛበት ነበር። ከተጋባዦቹ አንዱ ቄጠማውን አይቶ "እንዴት ያለ ለምለም ሳር ነው፣ ማን ተከለላችሁ?" ብሎ ጠየቀ አሉ። ይህን የነገራቸው የሆቴሉ ዘበኛ ነው። ኢሳ ሲሰማ "አሥራ አንድ ዓመት በከንቱ ቆፈርን" ብሎ ሳቀ። ዘሃራ አልሳቀችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው ገርጂ እየሄደች ሳሩን በጣቷ ሳብ ሳብ ታደርገዋለች፤ ሲላቀቅባት ትሳደባለች፤ ውኃ ትጨምራለች።

ኅዳር ሚካኤል ዕለት ኦቦ ደገፋ ከንግሥ ሲመለሱ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ጨፌው ውስጥ ገቡ። ዘሃራ፣ ኢሳና ሐሩን ከዳር ቆመዋል። ሽማግሌው በዱላቸው ጫፍ አንዱን ቁራጭ ፈነቀሉት፤ አልነቃነቅም አለ። ወደ መሀል ሄደው ሌላ ሞከሩ፤ እሱም አልተነሳም። ሦስተኛውም እንዲሁ። ወደ ወንዙ ጥግ ወርደው አራተኛውን ሲነኩት እንደ ክዳን ብድግ አለ።

"ይኼን ማን ተከለው?"

ሐሩን እጁን አወጣ። "እኔ ነኝ አባባ።"

"ሲነቅል ጎበዝ፣ ሲተክል ሰነፍ" አሉና ቁራጩን በእግራቸው ረግጠው መለሱት። ከዚያ ወደ ዘሃራ ዞሩ። "ውላችን ውል ነው። ዘንድሮ ከላይኛው ጫፍ ብቻ ትቆርጫለሽ፣ ያውም በመደዳ። ሞተር ግን ጨፌዬ ላይ እንዳላይ።"

"አያዩም አባባ።"

ሞተሩን ያ ባለ ወፍጮ ገዛው። ቺንጋውም ወደ መጣበት ቤት ተመለሰ። ሐሩን አሁን ስለ ሌላ ማሽን ያወራል፤ ዘሃራ ሲጀምር ተነስታ ትሄዳለች።

በኅዳር መጨረሻ መብራት መኪናዋን ወሎ ሰፈር ዘሃራ በር ላይ አቆመች። ቄጠማው ከጠፋ ቆይቷል፤ የሆቴሉ የኋላ ግቢ አቧራ ሆኖ እንግዶቹ ወንበራቸውን ይዘው ወደ ፊት እየሸሹ ነው።

"በስንት ቀን ይጨርሱልኛል?"

"በአምስት ቀን።"

"አምስት! ማሽን አለን ብለውኝ ነበር እኮ!"

"ነበረን" አለች ዘሃራ፣ የቢራ ሳጥኑን ለኢሳ እያቀበለች።